ልጆችን በኢንተርኔት ላይ ለመጠበቅ የተደረገው ጥረት አጭር ታሪክ

በቀድሞ ጊዜ የልጅ ጠባቂዎች የታወቁ ነበሩ። በቤት እናትና አባት፣ በሰፈር ጎረቤት፣ በትምህርት ቤት መምህር ይጠብቁት ነበር። የማይታወቅ ሰው ከልጅ ጋር ቆሞ ሲነጋገር የታየ እንደ ሆነ «የማን ነህ? ምን ፈልገህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም ነበር። ኢንተርኔት ግን በእነዚህ ሁሉ ጠባቂዎች አጠገብ ሳይታይ አልፎ ልጁ ከተቀመጠበት ክፍል ይገባል። ስለዚህ መንግሥታት በዚህ በር ላይ ዘበኛ ለማቆም እንዴት እንደ ሞከሩ ማወቅ ለእኛ ለተማሪዎች ታላቅ ጥቅም አለው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ ክፉውን ነገር በሕግ መከልከል ነበር። በ1996 የአሜሪካ ኮንግሬስ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ነውረኛ ጽሑፍና ሥዕል በኢንተርኔት መላክን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ነገር ግን በ1997 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕጉን ዋና ክፍል ሻረው። በዚያን ጊዜ አንባቢው ልጅ ይሁን ዐዋቂ የሚታወቅበት አስተማማኝ መንገድ ስላልነበረ፣ ክልከላው ለዐዋቂዎች በሕግ የተፈቀደውን ንግግር ጭምር የሚያፍን ሆኖ ተገኘ። ፍርድ ቤቱ ልጆችን መጠበቅ አያስፈልግም አላለም፤ ሕጉ ከሚገባው በላይ ተንሰራፍቷል አለ እንጂ።

ጠበብ ባለ ዓላማ የተነሡት ሥራዎች ግን ጸኑ። በዚያው በ1996 በእንግሊዝ አገር ኢንተርኔት ዎች ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ተቋቋመ፤ ሥራውም በልጆች ላይ የሚፈጸመውን የወሲብ በደል የሚያሳዩ ምስሎችን ጥቆማ እየተቀበለ ከኢንተርኔት እንዲወገዱ ማድረግ ነው። በ1998 ደግሞ በአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ልጆች ብሔራዊ ማእከል ለዚሁ ጉዳይ የጥቆማ መቀበያ ከፈተ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ሙከራ ከንግድ ጋር የተያያዘ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1998 ለኮንግሬስ ባቀረበው መግለጫ፣ ከመረመራቸው የልጆች ድረ ገጾች 89 በመቶው ከልጆች የግል መረጃ እንደሚሰበስቡ፣ ለወላጅ የመቈጣጠር ሥልጣን የሚሰጡት ግን ከ10 በመቶ በታች እንደ ሆኑ ገለጠ። በዚያው ዓመት ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ መረጃ ከመሰብሰብ በፊት የወላጅ ፈቃድ እንዲጠየቅ የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ በ2000ም ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሕግ ጥርስ የሌለው አልነበረም፤ በ2019 ጉግልና ዩቲዩብ በዚሁ ምክንያት 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል።

ዳሩ ግን ብዙ ኩባንያዎች ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ «ከ13 ዓመት በታች አይፈቀድም» ብሎ መጻፍን መረጡ። ፌስቡክም በ2006 ለሕዝብ ሁሉ ሲከፈት ወሰኑ ይኸው 13 ዓመት ነበር። ልጁ የተወለደበትን ዓመት አሳስቶ ከጻፈ ግን በሩ ይከፈትለታል። በሌላ በኩል 13 ዓመት የሞላው ልጅ በአንድ ሌሊት ከዚህ ሕግ ጥበቃ ውጭ ሆነ። ልጅ ግን በአንድ ሌሊት አያድግም።

ሦስተኛው ሙከራ ይህን ጉድለት ለማረም የተነሣ ነው። በ2020 በብሪታንያ የጸና አንድ የአሠራር ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ሁሉ ልጆች ብሎ፣ ዕድገታቸውን በአምስት ደረጃ ከፈለው፤ እስከ 5፣ ከ6 እስከ 9፣ ከ10 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 15፣ ከ16 እስከ 17 ዓመት። ልጁ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመው መሣሪያ ከመጀመሪያው ተዘግቶ እንዲቀርብም አዘዘ። ሸክሙ ከልጁ ትከሻ ወርዶ ዕቃውን በሠራው ላይ ተጫነ ማለት ነው። አውስትራሊያም በ2024 ባወጣችው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በታወቁት ማኅበራዊ መገናኛዎች ሒሳብ እንዳይኖራቸው ወሰነች፤ ሕጉ ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ ሲሠራበት፣ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚደርሰው መቀጫ የሚያርፈው በኩባንያዎች ላይ እንጂ በልጆች ወይም በወላጆች ላይ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተቀበለችው በ1991 ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የሰጠው ከዚያ በኋላ በ1997 ነበር። በ2008 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቈጣጠር የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958 ደግሞ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ በዚህ መሣሪያ የሚፈጸመውን ነውረኛ ድርጊት ለይቶ ወንጀል አደረገው።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ሕግ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳቱ ከታየ በኋላ ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ የሚሞላው የቅርብ ሰው ብቻ ነው። ምስልህን ለሰው ሁሉ እበትናለሁ እየተባለ የሚያስፈራሩት ልጅ ዝም የሚለው ሕግ ስለሌለ አይደለም፤ ቤቱ ሲናገር ዱላ ወይም ስልክ መነጠቅ ይጠብቀኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው። አስፈራሪውም የሚመካበት ይህን ፍርሃት ነው።

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን አስቀድመው «ምንም ቢደርስብህ ንገረን፤ አንቈጣህም» ቢሉ፣ ቃላቸውንም ቢጠብቁ፣ ከብዙ መቈለፊያ ይበልጣል። እኛም ተማሪዎች እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ጓደኛ ቢኖረን አንሣቅበት፤ ገንዘብም ሆነ ሌላ ምስል እንዳይልክ፣ የመጣለትን መልእክት ለማስረጃ እንዲያቈይ፣ ወደሚያምነውም ታላቅ ሰው ዛሬውኑ እንዲሄድ እንምከረው፤ ብቻውን መሄድ ቢከብደው አብረነው እንሂድ።