የተዋሰው ስም

«ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» የተባለውን የ2005 ፊልም የሠራው ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ራዱ ሚሃይሌያኑ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ሮማኒያ፣ ቡካሬስት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ቡህማን ይባሉ ነበር፤ በናዚ ዘመን ነፍሳቸውን ለማዳን የሮማኒያ ስም ያዙ። ልጁም በተዋሱት ስም አደገ። በ1980 ከቻውሼስኩ አገዛዝ ሸሽቶ በእስራኤል በኩል ፓሪስ ገባ፤ ፊልምም ተማረ።

ፊልሙ ላይ ሱዳን ካምፕ ያለች ክርስቲያን እናት፣ ልጇ እንዲተርፍላት «አይሁዳዊ ነኝ» እያለ በሙሴ ዘመቻ እንዲሄድ ታደርጋለች። እዚህ ሽሎሞ ይሉታል። እኔን መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አይሁድነታችን ስንት ጊዜ ተጠርጥሮ፣ ለምን ያስመሰለው ልጅ ታሪክ ተመረጠ? በኋላ ግን ሰውየው የአባቱንም ታሪክ እየነገረን መሰለኝ። ጎልማሳውን ሽሎሞ የተጫወተው ሲራክ ሳባሃት ደግሞ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ የመጣ የኛው ልጅ ነው።