«ዐረብ ገባ»፤ ስለ ይፋት አርጎባዎች የትውልድ ነገር

ከሸዋ ሮቢት ቆላ በላይ በየተረተሩ የሚኖሩት አርጎባዎች ስለ ዘራቸው ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ «አባቶቻችን ከዐረብ አገር የመጡ ናቸው» ይላሉ። ስማቸውም «ዐረብ ገባ» ከሚለው የተገኘ ነው ተብሎ ይተረጎማል። ይህ ትርጓሜ ከአፍ ወደ መጽሐፍ ገብቷል፤ እኔም በተማሪነቴ ዘመን ያለ ጥርጥር ተቀብዬው ነበር። ዛሬ ግን አልቀበለውም።

ወጉ በከንቱ የተነሣ አይደለም። በሸዋ የነገሡት የጥንት ሡልጣኖች ራሳቸውን ከመካው የመኽዙም ነገድ ይቆጥሩ ነበር። በ1285 እ.ኤ.አ. ያን መንግሥት አፍርሶ ከይፋት ጋር የጠቀለለው የዑመር ወላስማ ቤትም ከቁረይሽ ነኝ ባይ ነበር፤ ይሁን እንጂ አል መቅሪዚ በ15ኛው ምዕት ዓመት ሲጽፍ፣ ከየትኛው የቁረይሽ ቤት እንደ ሆነ አንድ ቃል አላገኘለትም። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሸዋ ሡልጣኖች ዜና መዋዕል ውስጥ ደግሞ «ድልመራ» እና «ድልገሚስ» የሚባሉ መሳፍንት ይገኛሉ። የመካ ተወላጅ ነኝ የሚል ሰው ልጁን «ድል» ብሎ ከሰየመ፣ በቤቱ በምን ቋንቋ ይነጋገሩ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን አርጎብኛ ነው። ይኸውም የዐረብኛ ልጅ ሳይሆን የአማርኛ የቅርብ ወንድም ነው፤ እንዲያውም አማርኛ የጣለውን ድምፅ ጠብቆ «አንድ»ን «ሀንድ» ይለዋል። በዘይላና በታጁራ መንገድ ነጋዴዎችና ሼሆች እንደ መጡ ማንም አይክድም። ነገር ግን ጸንቶ የቀረው እነርሱ መጥተው ያገኙት ሕዝብ ቋንቋ ነው።

በብራዚል ያሉት የጃፓን ተወላጆች ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። እነርሱ መርከባቸውን ያውቃሉ፤ «ካሳቶ ማሩ» በሰኔ ወር 1908 እ.ኤ.አ. 781 ሰዎች ይዛ ሳንቶስ ወደብ ደረሰች። የልጅ ልጆቻቸው አብዛኞቹ አፍ የፈቱት በፖርቱጋልኛ ቢሆንም የመምጣታቸው ቀን በመዝገብ አለ። አርጎባ መርከብ የለውም።

በይፋት ብዙው አርጎባ ዛሬ አማርኛ፣ ሌላውም ኦሮምኛ ይናገራል። ቋንቋው ሲሸሽ የቀሩት መለያዎች እስልምናው፣ ሽመናው፣ የድንጋይ ቤቱና ይኸው የዘር ወግ ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌውን «ተሳስተዋል» ብሎ ማፋጠጥ አይገባም። ይሁንና «ገባ» የሚለው ቃል ባላገሩን እንግዳ፣ ርስቱንም የመጤ ይዞታ ያስመስለዋል፤ ነገሩ የቃል ፍች ብቻ የማይሆነውም ለዚህ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ በዚህ ቆላ በር ያገኘው ሹም ወላስማ መሐመድ ይባል ነበር፤ ከዑመር በኋላ 550 ዓመት አልፎ እንኳ ስሙ ከአገሩ አልወጣም ነበር።