የሕዝብ ቆጠራ ታሪክና ጠቀሜታው፤ የሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ ልምድ

አንድ መንግሥት ትምህርት ቤት ለመክፈት፣ ጤና ጣቢያ ለማቋቋም ወይም የርዳታ እህል ለማከፋፈል ሲነሣ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «ለስንት ሰው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ተጨባጭ መልስ የሚሰጠው የሕዝብ ቆጠራ ነው። መልሱ ሲታጣ ምን እንደሚደርስ የዋግ ታሪክ በግልጽ ያስረዳል።

በቀድሞው ዘመን የገጠሩ ሰው ይቆጠር የነበረው ግብር እንዲከፍል ወይም እንዲዘምት ነበር። ንጉሥ ዳዊት እስራኤልን በማስቆጠሩ መቅሠፍት እንደ ወረደም ምእመናን ከመጽሐፈ ሳሙኤል ሲሰሙ ኖረዋል። ስለዚህ የቤተሰብን ቁጥር ለእንግዳ መናገር በሕዝቡ ዘንድ የሚያስፈራ ነገር ቢሆን አያስደንቅም። ይሁን እንጂ አለመቆጠርም የራሱ ዋጋ ነበረው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን ሲመታ ያለቀው ሕዝብ ብዛት ዛሬም በግምት ብቻ ይነገራል፤ ግምቱም ከአሥር ሺዎች እስከ ሁለት መቶ ሺህ ይለያያል። ይኸውም ከረኃቡ በፊት በየመንደሩ ስንት ነፍስ እንደ ነበረ በሙሉ ቆጠራ የተመዘገበ ነገር ስላልነበረ ነው።

የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ተካሄደ። የአገሪቱም ሕዝብ 42.6 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ተገለጸ። ነገር ግን ጦርነት በነበረባቸው በብዙ የሰሜን ገጠሮች ቆጣሪ ሊደርስ ባለመቻሉ የጎደለው በግምት ተሞላ። ከጥቂት ወራት በኋላ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ተፋፍሞ ዓለም ያወቀው በዚሁ በሰሜኑ ምድር ነው።

ሁለተኛው ቆጠራ ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው ደግሞ ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ተጀመረ። በሦስተኛው ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን፣ የዋግ ኽምራ ሕዝብ ደግሞ 426,213 ሆኖ ተመዘገበ። በዋግ ከመቶው ሰው ዘጠና ሦስቱ የሚኖረው በገጠር መሆኑም ታወቀ።

የቆጠራ አሠራር ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ቀበሌው በካርታ ይነሣና በገጠር ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ ወደሚይዙ የቆጠራ ቦታዎች ይከፈላል። ይህም አንድም ቤት እንዳይዘለል ወይም ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ይረዳል። ቀጥሎ ቆጣሪው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የእያንዳንዱን ሰው ጾታ፣ ዕድሜ፣ ትምህርትና የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይመዘግባል። የልደት ዘመኑን በውል የማያውቅ ሰው ሲያጋጥመው «በስድሳ ስድስቱ ረኃብ ተወልደው ነበር ወይ? በሰባ ሰባቱስ ልጅ ነበሩ ወይ?» እያለ በታወቁ ድርጊቶች ዕድሜውን ያሰላል። ለአጭር ጊዜ የቀን ሥራ ወደ ሑመራ የወረደውም ሰው ከቤተሰቡ ጋር ይመዘገባል። በመጨረሻ መዝገቡ በተቆጣጣሪ ተመርምሮ ወደ ማዕከል ይላካል።

ውጤቱ የሚታየው በዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ኽምጣንጋ አፋቸውን የፈቱ ሕፃናት በየወረዳው ስንት እንደ ሆኑ ሳይታወቅ መጽሐፍ ማሳተምም ሆነ መምህር ማሠልጠን አይቻልም። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም የሁለት ዓመት ዕድሜ ያልሞላቸውን ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያለመ ነው። የሕፃናቱ ጠቅላላ ቁጥር ሳይታወቅ ግን ከመቶው ስንቱ እንደ ዳነ ሊነገር አይችልም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዛል። አራተኛው ቆጠራ ግን ደጋግሞ ተራዝሞ፣ ሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ እንደገና አስተላለፉት። ከዚያ ወዲህ ዕቅድ የሚወጣው በ1999ኙ ቆጠራ ላይ በተመሠረተ ትንበያ ነው። ትንበያ ደግሞ ድንገተኛ መፈናቀልን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ጦርነት ግን ከአበርገሌና ከዝቋላ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል።

ባለፉት ቆጠራዎች ደብተሩን ይዘው በየደጁ ከዞሩት መካከል ብዙዎቹ መምህራን ነበሩ። በሚመጣውም ቆጠራ ሕዝቡ አምኖ በሩን የሚከፍተው ልጁን ለሚያስተምረው ሰው ነው። እንግዲህ የቆጠራው ቀን ሳይደርስ፣ ቁጥሩ ለግብር ወይም ለዘመቻ ሳይሆን ለልጁ ወንበርና መጽሐፍ መሆኑን ወላጅ ከመምህሩ ሊሰማ ይገባዋል።