የካህለስ ባትሌት
በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ጨረቃ መሰል ጎራዴ

«ስታር ትሬክ» በተሰኘው የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ክሊንጎን የተባሉት ጦረኞች የሚምሉበት ጀግና ካህለስ ነው። የመጀመሪያውን ባትሌት ከራሱ የጸጉር ዘለላ እንደሠራው ይተርካሉ፤ በእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት ነክሮ፣ በሐይቅ አቀዝቅዞ። መሣሪያውን በእውኑ ዓለም የነደፈውስ? የቪዥዋል ኢፌክት ባለሙያው ዳን ከሪ። ጎራዴው በፊልሙ መታየት የጀመረው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው።

በ1993ቱ «ራይትፉል ኤር» ክፍል ካህለስ ከዘመናት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። በጥንታዊ ቢላ ላይ የቀረው የጥንቱ ካህለስ ደም ከተመላሹ ደም ጋር ሲመሳከር ልክ ሆኖ ይገኛል። በፍልሚያ ሲሸነፍ ግን ጉዱ ይፈላል፦ ለካ የክሊንጎን ካህናት ከዚያው ደም ያባዙት ቅጂ ኖሯል! አማኙ ክሊንጎን ዎርፍ፣ እውነቱ ለሕዝብ ተነግሮ ቅጂው ሥልጣን አልባ ንጉሠ ነገሥት እንዲሆን ያግባባል። ስለ እምነት ከተሠሩት የተከታታዩ ክፍሎች ደፋሩ ይኸኛው ነው ብንል አናጋንንም።