«ይሄኛው ሱስ አያስይዝም»፦ የሁለት መቶ ዓመት ተስፋ ከራያ ሜዳ ሲታይ

ለራያ ምድር ቁስል እንግዳ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በቆረም አቅራቢያ ዶክተር ጆን ሜሊ ይመሩት የነበረውን የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የሕክምና ሰፈር በቦምብ ደበደቡ። ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ። በእኛ ዘመን ደግሞ ቆቦ ከሰሜኑ ጦርነት ግንባሮች አንዷ ነበረች።

ጦርነት ሲያበቃ ሕመም አብሮ አያበቃም። ጥይት ያገኘው እግር፣ ፍንጣሪ የቀረበት ትከሻ ለዓመታት ይጠዘጥዛል። ማሽላ ሲያርም የኖረ ገበሬም ወገቡ ይሰበራል። አባቶቻችን ለዚህ ወጌሻ፣ ዋግምትና ጸበል ነበራቸው። ዛሬ ትራማዶል ተጨምሯል።

ትራማዶል የሞርፊን ዘመድ ነው። የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ደግሞ አንድ ቃል እየደጋገመ የመጣ ታሪክ ነው፤ «ይሄኛው ሱስ አያስይዝም» የሚል።

ሞርፊን በ1800ዎቹ መጀመሪያ ከኦፒየም ተነጥሎ ወጣ፤ ቆይቶም የኦፒየም ሱስን ይፈውሳል ተባለለት። ራሱ ሱስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1898 የጀርመኑ ባየር ሄሮይንን ለሳል መድኃኒትነት ገበያ ላይ አዋለ፤ ከሞርፊን የተሻለ ነው ተባለ። መጨረሻውን ዓለም ያውቀዋል። በ1996 አሜሪካ ውስጥ ኦክሲኮንቲን መጣ። በ2007 አምራቹ ፐርዱ ስለ ሱስ አደጋው ማሳሳቱን ፍርድ ቤት ፊት አመነ። ሀገሪቱ ግን ከዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶችና ዕፆች የተነሳ በመቶ ሺዎች ቀብራለች።

ትራማዶልም እ.ኤ.አ. በ1977 ከጀርመን ሲወጣ «ለስላሳ» ተብሎ ነበር። በኋላ በግብፅ፣ በናይጄሪያና በጋና የወጣቱ መከራ ሆነ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውነት መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ትናንት በአንድ ፍሬ ጸጥ ያለው ሕመም ዛሬ ሁለት ይፈልጋል። አንዳንዴም መድኃኒቱ ራሱ ሕመምን የበለጠ እንዲሰማ ያደርጋል። ሲቋረጥ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ይከተላል፤ ሰውዬው «ሕመሜ ተነሳብኝ» ብሎ ይመለስበታል። ሆድ ይደርቃል። ትራማዶል ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ከአረቄ ወይም ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ሲቀላቀል ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል።

ታዲያ እንከልክለው? በፍጹም! የካንሰር ሕመምተኛ በስቃይ እየጮኸ እንዲሞት መተውም ሌላ ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የላንሴት ኮሚሽን እንዳሳየው፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚከፋፈለው 300 ቶን ገደማ በሞርፊን ልክ የተሰላ ማስታገሻ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ሞርፊን ለሚያስፈልገው ሳይደርስ፣ ትራማዶል ለማያስፈልገው ያለ ሐኪም ሲደርስ፣ በሁለቱም በኩል እንጎዳለን።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ለቀናት የታዘዘላችሁን ለዓመታት አታድርጉት። ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን አትዋሱ። ወራት የቆያችሁበት ካላችሁ በአንድ ጀምበር አትጣሉት፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያውርድላችሁ። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችም ያለ ትእዛዝ አትስጡ።

የቆሰለው ወገናችን ሐኪምና ክትትል ይገባዋል። ኪኒን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ዕዳውን መክፈል አይደለም።