የመቃ ብርዕና የፋብሪካ ብርዕ በሸዋ

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1813–1847) አንኮበርን መናገሻቸው አድርገው በነበሩበት ዘመን፣ በ1841 ከእንግሊዝ፣ በ1843 ከፈረንሳይ ጋራ ውል ተዋውለዋል። በዚያ ዘመን የአገሩ ጸሓፊ መሣሪያ የመቃ ብርዕ ነበር። ጫፉ በካራ ሾሎ መካከሉ ይሰነጠቃል፤ ቀለሙም በስንጥቁ ይወርዳል። ቀለሙ ሲነጥፍ ብርዑ ወደ ቀንዱ ይመለሳል፤ ጫፉ ሲደነዝዝም እንደ ገና ይቀረጻል።

ጥቁሩ ቀለም ጥቀርሻ ከተቆላ እህልና ከዛፍ ሙጫ ጋራ ተደቁሶ፣ በውሃ ተዘፍዝፎ ብዙ ጊዜ ሲብላላ የሚገኝ ነው። ጥቀርሻው በውሃ አይሟሟም፤ በብራና ላይ ለዘመናት ሳይደበዝዝ የሚኖረውም ስለዚህ ነው።

ይኸው ጠባይ ቀለሙን በሆዱ ለሚይዘው ለፋብሪካው ብርዕ አይስማማም። አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን በ1884 የፈጠራ መብት ባገኘበት ብርዕ፣ ቀለሙ ከጫፉ ሥር ባለው ቀጭን ቦይ ሲወርድ በምትኩ አየር ይገባል። በቦዩ ውስጥ ጥቀርሻና ሙጫ ከደረቁ፣ ሆዱ ሙሉ ሳለ አፉ ይነጥፋል።

እንዲህ ያለውን አሮጌ ብርዕ ማደስ የሚቻለው ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ በማስገባትና በማስወጣት ነው። ሙቅ ውሃ አሮጌውን የጎማ አካል ያበላሻል፤ መርፌም ስንጥቁን ያሰፋዋል።

ነገር ግን በአንኮበር ወይም በደብረ ብርሃን ከአንድ አሮጌ ቤት የተገኘ ብርዕ ከመታጠቡ አስቀድሞ፣ ከደረቀው ቀለም ጥቂቱ ተፍቆ ሊቀመጥ ይገባል። ባለቤቱ በየትኛው ቀለም ይጽፍ እንደ ነበረ የሚመሰክረው እርሱ ነውና፤ አንድ ጊዜ ከታጠበ ምስክሩ አይመለስም።