በአደባባይ የቆመና በደጅ የሚዜም ምስክር

ሰው በጉልምስናው ለዕለት እንጀራው ሲደክም በአደባባይ የቆመውን ሳያስተውል፤ በደጁ የሚዜመውንም ሳይሰማ ያልፋል። ዕድሜው ገፍቶ በጡረታ ካረፈ በኋላ ግን ምርኩዙን ይዞ አገሩን ሊጐበኝ ቢነሣ፤ ዘመኑን ሁሉ የተመላለሰበት መንገድ እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ሆኖ ያገኘዋል። እንዲህ ያለው ሽማግሌ የሚያየውን እንዲያውቀው የዚህን መጽሐፍ ታሪክ በጥቂቱ መናገር ይገባል።

በቀድሞ ዘመን ብራና በካህናትና በመኳንንት ቤት ብቻ ይገኝ ነበረ። ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ግን ሁለት መምህራን ነበሩት፤ አንዱ የቆመ ድንጋይ፤ ሁለተኛው የሚዞር ባለ ዜማ ነው። ኢያሱ ዮርዳኖስን ከተሻገረ በኋላ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ማቆሙ፤ ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፤ አባቶችም እንዲመልሱላቸው ነው። የአክሱምም ሰዎች የታላላቆቻቸውን መቃብር በሐውልት አስከበሩ።

ባለ ዜማውም ልዩ ልዩ ነው። አዝማሪ አንድ አውታር ባላት መሰንቆው በሠርግና በግብር፤ በዘመቻም ከሠራዊቱ ጋር እየሄደ ጀግናውን ያወድሳል፤ ፈሪውን ይነቅፋል፤ በሰምና ወርቅም ባለ ሥልጣኑን ሳይቀር ይወጋል። ላሊበላ የሚባሉት ደግሞ ገና ሳይነጋ ከደጅ ቆመው፤ ብዙ ጊዜም ባልና ሚስት ሆነው ድምፅ እየተቀባበሉ የባለ ቤቱን ስም እየጠሩ ያዜማሉ፤ ምጽዋት በተቀበሉም ጊዜ መርቀው ይሄዳሉ። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓልም ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጨፍረው ሙልሙል ይቀበላሉ።

ይህ የደጅና የአደባባይ ትምህርት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከወገን ይልቅ ጠላት አወቀው። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጊዜ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፤ የይሁዳ አንበሳም በባቡር ጣቢያው ፊት ቆመው ነበር። ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ የምኒልክን ሐውልት አውርዳ ቀበረችው። አንበሳውንም ሮማ ወስዳ፤ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ ድል ላደረጓቸው ወታደሮቿ መታሰቢያ በተሠራው ሐውልት ሥር አኖረችው። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለውን የአክሱም ሐውልት ዘረፈች።

በዚያው ዓመት የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፤ የከተማው ሕዝብ እልቂት ሳይበቃው፤ የሚዞሩትን አዝማሪዎች ከጠንቋዮች ጋር አንድ አድርጎ፤ የኢጣልያ መንግሥት በቅርቡ ይጠፋል እያሉ ሕዝቡን ያሸብራሉ ሲል እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። መድፍና አውሮፕላን ያለው መንግሥት የፈረስ ጭራ የተወጠረባትን መሰንቆ ፈራ።

ከነጻነት በኋላ የምኒልክ ሐውልት ከተቀበረበት ወጥቶ ቆመ፤ አንበሳውም ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ስፍራው ገባ። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮማ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ተተከለ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለተረሸኑት ለሰማዕቱ ለአቡነ ጴጥሮስም በአዲስ አበባ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ እርሱም በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል።

እንግዲህ ድንጋይ ቢቀበርም ይወጣል፤ ባሕር ቢሻገርም ይመለሳል። የተገደለው አዝማሪ ግን በልቡ የያዘውን ቃል ይዞት ሄደ፤ የሚያስመልሰውም ውልና ስምምነት የለም። ጠላት ፈርቶ የገደለውን ወገን ንቆ ቢገፋው ጥፋቱ ያው ነው። ዛሬም በማለዳ ላሊበላ ከደጁ ሲቆም ለማኝ ነው ብሎ መዝጊያውን የሚዘጋ ሰው ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ዕረፍት ያገኘ ሽማግሌ አገሩን ሲዞር በሐውልቱ ፊት ቆሞ ማድነቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጆሮውን አስቀድሞ ለሚዜመው ይስጥ፤ ሐውልቱ ነገም ይጠብቀዋልና። የልጅ ልጁንም በእጁ ይዞ ይሂድ። ልጁ ይህ ምንድን ነው ብሎ በጠየቀ ጊዜ የሚመልስለት አባት ከሌለ፤ የቆመውም ድንጋይ ዲዳ ይሆናል።